ቤት ውስጥ የሚወጣ ዳገት

ታይታኒክ ሚያዝያ 2 ቀን 1904 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ወደብ ስትነሣ፣ በላይኛው ወለሏ ባለው የስፖርት ክፍል ውስጥ ሁለት ብስክሌቶች ነበሩ። ከወለሉ ጋር የተተከሉ ስለሆኑ የትም አይሄዱም። ከፊታቸው ግድግዳው ላይ ክብ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ በሰሌዳውም ላይ ቀይና ሰማያዊ ሁለት ቀስቶች ይዞራሉ። አንዱ ቀስት የአንዱ ጋላቢ፣ ሌላው የባላንጣው ነው። ማን እንደቀደመ የሚታወቀው በቀስቶቹ ነበር። ዛሬ ሳሎኑ ውስጥ ኮርቻ ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ስክሪን ላይ ተክሎ፣ ሌላ አህጉር ካለ ሰው ጋር የሚሽቀዳደም ብስክሌተኛ የሚያደርገው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ ሰሌዳው ዳገት መሥራት መቻሉ ነው።

ባሉበት ሆኖ መጋለብ ራሱ ከታይታኒክም ይቀድማል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ አውሮፓውያንና አሜሪካውያን ተወዳዳሪዎች የበረዶውን ወራት በሚሽከረከሩ በርሜሎች ላይ ያሳልፉ ነበር። ሁለት በርሜል ከኋላ ጎማ ሥር፣ አንድ ከፊት ጎማ ሥር ይሆናል፤ የፊቱና የኋላው በቀበቶ ይያያዛሉ። ብስክሌቱን የሚይዘው ነገር ስለሌለ ሚዛኑን የሳተ ወለሉ ላይ ይዘረራል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ እንግሊዞች ይህንኑ ወደ ትርኢት ለውጠው በዳንስ ቤትና በሲኒማ ቤት መድረክ ላይ ያሽቀዳድሙበት ጀመር። ጋላቢዎቹ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ ላባቸው ይንጠባጠባል፤ ሕዝቡም ትልቁን ሰሌዳ እያየ ይጮኻል።

በዚያ ዘመን እኛ ጋ የብስክሌት ታሪክ የሚጻፈው መንገድ ላይ ነበር። በረዶ የለም፤ ክረምት ቢሆንም ዝናቡ ሲያባራ ይወጣል። ኤርትራን የሚዞረው ውድድር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስትዋሃድ የአስመራ ጋላቢዎች የሀገሪቱን ማልያ ለበሱ። በ1949 ዓ.ም. መጀመሪያ ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ፀሐዬ ባህታና ንጉሤ መንግሥቱ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት ኦሊምፒክ ሜልቦርን ላይ ተሰለፉ። ውድድሩ 187 ኪሎ ሜትር ነበር። ገረመው 24ኛ ወጣ፤ በቡድን ደግሞ ኢትዮጵያ 9ኛ ሆነች። ይህ የሆነው አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ባዶ እግሩን ከመሮጡ 4 ዓመት አስቀድሞ መሆኑን አብዛኞቻችን አናስታውሰውም። ገረመው ሮምም ላይ ጋልቧል፤ በሜክሲኮና በሙኒክም ኢትዮጵያውያን ብስክሌተኞች ነበሩ።

እነዚህ ሰዎች ምን ያህል ጉልበት እንደነበራቸው ግን ማንም አያውቅም። በስንተኛ ደረጃ እንደገቡ ተጽፏል፤ ሰዓታቸውም ተጽፏል። ሰዓት ደግሞ የነፋሱን፣ የመንገዱንና የብስክሌቱን ነገር ከሰውየው ለይቶ አይነግርም። በከባድ ብስክሌት 24ኛ የወጣና በቀላል ብስክሌት 24ኛ የወጣ በመዝገብ ላይ እኩል ናቸው።

ይህን የለወጡት ሁለት ነገሮች የመጡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። አንደኛውን የሠራው ጀርመናዊው መሐንዲስ ኡልሪሽ ሾበረር ነው። ፔዳሉን የሚሸከመው ብረት ሲረገጥ ለዓይን በማይታይ መጠን ይተጣጠፋል፤ ሾበረር ይህን መተጣጠፍ የሚያነብ መለኪያ እዚያው ላይ ለጠፈ። መተጣጠፉ ከፔዳሉ አዟዟር ፍጥነት ጋር ሲባዛ ጋላቢው በዚያች ቅጽበት የሚያመነጨው ኃይል በዋት ይወጣል። ኤስአርኤም የተባለው ይህ መሣሪያ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሀብታም ቡድኖችና የቤተ ሙከራዎች ብቻ ነበር።

ሁለተኛው የተወለደው አሜሪካ፣ ሲያትል ውስጥ ነው። ሬሰርሜት የተባለ ድርጅት ኮምፑትሬነር የሚባል መሣሪያ አወጣ። የብስክሌቱን የኋላ ጎማ አንድ ጥቅልል ብረት ላይ ያስቀምጡታል፤ ጥቅልሉን ኤሌክትሪክ ያከብደዋል ወይም ያቀለዋል፤ ገመዱ ደግሞ ልጆች በሚጫወቱበት የኔንቴንዶ ጌም ላይ ይሰካል። ቴሌቪዥኑ ላይ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን የተሠራ ብስክሌተኛ ይታያል። ዳገት ሲመጣ እግር ይከብዳል። መልኩ ያስቃል፤ ሐሳቡ ግን ያኔውኑ ሙሉ ነበር። ኮምፑትሬነር ወደ 30 ዓመት ያህል ተሽጦ ምርቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ቆመ፤ ያቆመውም የራሱ ልጆች ስለበለጡት ነው።

ከልጆቹ ሁሉ ስመ ጥር የሆነው ዋሁ የተባለው የአትላንታ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ኪከር ነው። ዋጋው 1,100 ዶላር ገደማ ነበር። አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። የኋላ ጎማው ጭራሽ ይወልቃል፤ ካቴናው በቀጥታ መሣሪያው ላይ በተገጠሙት ጥርሶች ላይ ይገባል። ጥርሶቹ ሲዞሩ ከጎን ያለ ከባድ የብረት መንኮራኩር ይዞራል፤ ጋላቢው አስፋልት ላይ ያለ ያህል የሚንደረደረው በዚህ ክብደት ነው። በመንኮራኩሩ አጠገብ ኤሌክትሮማግኔት አለ፤ ጅረቱ ሲጨምር ብረቱን ይይዘዋል፣ ሲቀንስ ይለቀዋል። ኮምፒውተሩ የጋላቢውን ክብደት፣ የዳገቱን መጠንና ፍጥነቱን ይዞ በየቅጽበቱ ያሰላና ለማግኔቱ ትእዛዝ ይልካል። ለምሳሌ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ8 ኪሎ ብስክሌት፣ 8 በመቶ ዳገት ላይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ልሂድ ካለ 250 ዋት ገደማ ማምጣት አለበት። ካላመጣ ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ ይዘገያል። የሚነፍስ ነፋስ ስለሌለ ሰውነት በፍጥነት ይግላል፤ ቬንትሌተርና ፎጣ ያላዘጋጀ ሰው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ከወለሉ ላይ ላብ ይጠርጋል።

በዚያው ዓመት አንድ የመቀሌ ልጅ የፕሮፌሽናል ቡድን ማልያ ለበሰ። ጽጋቡ ግርማይ ይባላል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ባለው የዓለም አቀፉ ብስክሌት ማኅበር የአፍሪካ ማዕከል ሠልጥኖ ኤምቲኤን ኩቤካ ወደተባለው የደቡብ አፍሪካ ቡድን ገባ። እ.ኤ.አ. በ2015 ላምፕሬ ሜሪዳን ተቀላቅሎ በከፍተኛው እርከን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ቱር ደ ፍራንስ ላይ ተሰለፈ። እንዲህ ያለ ማዕከል የሚገባ ወጣት የቆመ ብስክሌት ላይ ወጥቶ ይለካል። በአንድ ኪሎ ክብደቱ ስንት ዋት እንደሚያወጣ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ አሠልጣኙ የመቀሌን ዳገት አይቶት ባያውቅም ልጁን ያውቀዋል።

የጨዋታው መንደር የተከፈተው በዚህ መሃል ነው። ኤሪክ ሚንና ጆን ሜይፊልድ ከሌሎች ሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ያቋቋሙት ዝዊፍት የተባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 ማብቂያ ላይ ለሙከራ ወጣ። ሜይፊልድ የጌም ፕሮግራም ጸሐፊና ብስክሌተኛ ነበር። ዝዊፍት ከቀደሙት የተለየበት ነገር ብቸኝነትን ማጥፋቱ ነው፤ ስክሪኑ ላይ አጠገብህ የሚጋልበው ምስል አንድ ቦታ በእውነት ላቡን የሚያፈስ ሰው ነው። ከኋላው ብትጠጋ ነፋሱን ይመክትልሃል፤ ዋትህ ይቀንስልሃል። ዋቶፒያ የሚባል የሌለ ደሴት ተሠራ፤ ሪችመንድ፣ ለንደንና ኒው ዮርክ ገቡ። የፈረንሳዩን አልፕ ዱዌዝ የሚኮርጅ ዳገትም እ.ኤ.አ. በ2018 ተጨመረ፦ 12.2 ኪሎ ሜትር፣ 21 ጠመዝማዛ፣ 1,036 ሜትር ሽቅብ። ማስከፈል ሲጀምር በወር 10 ዶላር የነበረው ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2024 20 ደረሰ።

ዋት ካነሣን አይቀር፣ በአካባቢያችን በወላይታም በብዛት መመረት የጀመረው በእነዚሁ ዓመታት ነው። በወላይታና በዳውሮ መካከል ኦሞ ላይ የተሠራው ግልገል ጊቤ 3 ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ አቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት ነበር። ያ የ60 ኪሎ ጋላቢያችን ከሚያወጣው 250 ዋት ጋር ሲሰላ ግድቡ ሰባት ሚሊዮን ተኩል ብስክሌተኛ ማለት ነው። ሒሳቡ የሚረባው ለጨዋታ ነው፤ ቢሆንም የሰውን ጉልበትና የግድብን ጉልበት በአንድ መለኪያ መቁጠር መቻሉ ለእኔ እስካሁን ይገርመኛል።

ቁጥር ባለበት ማታለል አይቀርም። ክብደቱን 65 ኪሎ ሆኖ ሳለ 58 ብሎ የሚሞላ ሰው ዳገት ላይ ይበራል፤ ማንም ሚዛን ይዞ ሳሎኑ አይገባም። ከሁሉ የታወቀው ግን የካሜሮን ጄፈርስ ነገር ነው። ይህ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 የብሪታንያን የመጀመሪያ የኢሬሲንግ፣ ማለትም የስክሪን ላይ ግልቢያ፣ ሻምፒዮና አሸነፈ። በኋላ ሲጣራ፣ በጨዋታው ውስጥ ብዙ የጋለበ ሰው ብቻ የሚያገኘውን ፈጣን ብስክሌት ያገኘው እግሩን ሳያነሣ በኮምፒውተር በተቀነባበረ ግልቢያ ነበር። ድሉን ተነጠቀ፣ 250 ፓውንድ ተቀጣ፣ ለ6 ወር ታገደ። በውድድሩ ዕለት የረገጠው በራሱ እግር ነበር፤ የተቀጣው ለሌለ ብስክሌት ነው። እንዲህ ያለ ፍርድ በስፖርት ታሪክ ውስጥ ቀድሞ አልነበረም ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ከዚያ ኮቪድ መጣ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2020 ላይ የአውሮፓ ውድድሮች አንድ በአንድ ተሰረዙ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 5 ቀን 13 ባለሙያ ጋላቢዎች የፍላንደርስን ውድድር ማጠናቀቂያ ከየቤታቸው ጋለቡ፤ ግሬግ ቫን አቨርማት አሸነፈ፤ የቤልጅግ ቴሌቪዥንም እንደ እውነተኛው ውድድር አስተላለፈው። በሐምሌ ወር የቱር ደ ፍራንስ አዘጋጆች ራሳቸው ወደ ዝዊፍት መጡ። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 4 እስከ 19፣ በሦስት ቅዳሜና እሑድ ስድስት ውድድር ተደረገ፤ ሴቶችና ወንዶችም በእኩል ርቀት ጋለቡ። የወንዶቹን የመጀመሪያ ቀን ደቡብ አፍሪካዊው ራያን ጊቦንስ ወሰደ፤ በአጠቃላይም የእሱ ቡድን ኤንቲቲ አንደኛ ወጣ። ኤንቲቲ ማለት ስሙ ሁለት ጊዜ የተቀየረው ያው ጽጋቡን ያሳደገው ቡድን ነው።

ያንን ውድድር ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ በኢንተርኔት ላይ ያየ ሰው ያለ አይመስለኝም። አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የሀገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ነበር። የቨርቿል ቱር ደ ፍራንስ የመጀመሪያ ቀን ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 27 ላይ ዋለ። ስለዚህ መሣሪያ በተጻፈው ሁሉ ውስጥ «የትም ሆነህ መጋለብ ትችላለህ» የሚል ተስፋ አይጠፋም፤ በዚያ ሰሞን «የትም» የሚለው እኛን አይጨምርም ነበር።

የባሰውም ተከተለ። ዓለም አቀፉ ብስክሌት ማኅበር የመጀመሪያውን የኢስፖርት ዓለም ሻምፒዮና ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. አደረገ። ለተወዳዳሪዎቹ አንድ ዓይነት መሣሪያ በየቤታቸው ተላከላቸው፤ በዋቶፒያ 50 ኪሎ ሜትር ጋለቡ። ከሴቶች ደቡብ አፍሪካዊቷ አሽሊ ሞልማን ፓዚዮ፣ ከወንዶች ጀርመናዊው ጄሰን ኦስቦርን አሸነፉ። አፍሪካዊት የመጀመሪያዋ የዚህ ስፖርት የዓለም ሻምፒዮን ሆነች ማለት ነው። ኦስቦርን ደግሞ ያኔ ዋና ሙያው ጀልባ ቀዘፋ ነበር፤ በቶኪዮ ኦሊምፒክ የብር ሜዳልያ ያገኘው በቀዘፋ ነው። በዚያው ዕለት የኢትዮጵያ ብስክሌት እምብርት የሆነችው መቀሌ በትግራይ ጦርነት ምክንያት ከዓለም ጋር በስልክ እንኳ አትገናኝም ነበር። አውሮፓ የነበረው ጽጋቡ ቤተሰቡን ለረጅም ጊዜ ማግኘት አለመቻሉን በአደባባይ ተናግሯል። በከተማዋ አስፋልት ላይ የሠለጠኑት ልጆች ተበተኑ። ከእነርሱ አንዷ እየሩ ገብሩ ፈረንሳይ ደርሳ፣ በ2016 ዓ.ም. ክረምት በፓሪስ ኦሊምፒክ በስደተኞች ቡድን ማልያ ጋለበች።

ለእኔ ከዚህ ሁሉ ጊዜ ዋናው ታሪክ ግን የጄይ ቫይን ነው። ቫይን በሀገሩ አውስትራሊያ የሚታወቅ፣ አውሮፓ ያላየው ጋላቢ ነበር። ዝዊፍት በየዓመቱ ቤታቸው የሚለማመዱ ሰዎችን ቁጥር እየመዘነ ለአንዱ የፕሮፌሽናል ውል የሚሰጥበት አካዳሚ የሚባል ውድድር ነበረው። ቫይን እ.ኤ.አ. የ2020ውን አሸነፈና አልፔሲን ፌኒክስ ገባ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ እ.ኤ.አ. በ2022፣ በእስፔኑ ቩኤልታ ሁለት የተራራ ውድድሮች አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት መጀመሪያም የኢስፖርት ዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ነበር። ማንም መልማይ አውስትራሊያ ድረስ ሄዶ አላየውም። የታየው ዋቱ ነው። ሜልቦርን ላይ ለገረመው ያልተገኘለት መዝገብ ይህ ነበር።

ወረርሽኙ ሲያበቃ ገበያው ቀዘቀዘ፤ ዝዊፍት እ.ኤ.አ. በ2022 ከ100 በላይ ሠራተኞቹን አሰናበተ። የኢስፖርት ዓለም ሻምፒዮናው እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ አቡዳቢው ማይዉሽ ዞረ፤ ይህኛው መተግበሪያ በነጻ ነው። ኦስቦርንም እንደገና አሸነፈ። በኛ በኩል ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ በ57 ብር ይገዛ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር አለፈ፤ የዝዊፍት የወር 20 ዶላር ከ1,140 ብር ተነሥቶ ከ2,000 በላይ ሆነ ማለት ነው። መስከረም 2018 ዓ.ም. ላይ ደግሞ የመንገድ ዓለም ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ መጣ፤ ኪጋሊ ዳገቶቿን ከፈተች። ኪጋሊ ስክሪን አልፈለገችም፤ የፈለገችው እግር ነው።

ታዲያ ይህ መሣሪያ እንደ ዲምቱ ባለች የወላይታ ከተማ ምን ይሆናል? ዲምቱ ወደ ቢላቴ ተፋሰስ በሚወርደው የወላይታ ክፍል ያለች ከተማ ናት። ከቆላው ተነሥቶ ወደ ሶዶ የሚወጣ ልጅ፣ ዳሞታን ከፊቱ እያየ፣ ለሰው ሠራሽ ዳገት በወር ከሁለት ሺህ ብር በላይ የሚከፍልበት ምክንያት የለውም። ከደጁ የበለጠ ዳገት አለ፤ ሶዶም ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ናት፤ አውሮፓውያን ለዚህ አየር ብለው ተራራ ላይ ሆቴል ይከራያሉ። መብራት የሚቆራረጥበት፣ ኔትዎርክ የሚጠፋበት ቦታ ላይ በኢንተርኔት የሚካሄድ ውድድር ይልመድ ማለትም ቀልድ ነው። ይህ መሣሪያ ለወላይታ ልጅ የመለማመጃ መንገድ ይሆናል የሚለኝን አላምነውም።

እንደ ሚዛን ግን ይሆናል። አንድ መሣሪያ መቶ ልጅ ማሠልጠን አይችልም፤ መቶ ልጅ መለካት ይችላል። የሚያስፈልገው አንድ ክፍል፣ አንድ ደህና ብስክሌት፣ አንድ ቬንትሌተርና የሰው ሚዛን ነው። ልጁ ካሟሟቀ በኋላ ለ20 ደቂቃ ያለውን ሁሉ ይረግጣል፤ አማካይ ዋቱ ለክብደቱ ይካፈላል። ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ቁጥሩ ስልክ ላይ ይቀመጣል፣ መስመር ሲመጣ ይላካል። ከመቶው አንዱ 60 ኪሎ ሆኖ በዚያ ከፍታ ላይ 300 ዋት ቢይዝ፣ ያ በኪሎ 5 ዋት ነው፤ ያንን ወረቀት አውሮፓ ያለ ማንኛውም አሠልጣኝ ሁለት ጊዜ ያነበዋል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለኢትዮጵያ ብስክሌት ፌዴሬሽንና ለክልሉ ስፖርት ኃላፊዎች ነው፦ ለሶዶ አንድ ግዙ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ከዲምቱ፣ ከቦዲቲ፣ ከአረካ የሚመጡትን ልጆች ለኩበት። ውጭ ያላችሁ ወገኖችም፣ ከኮቪድ ወዲህ ጋራዣችሁ ውስጥ አቧራ የሚጠጣ እንዲህ ያለ መሣሪያ ካላችሁ፣ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፤ ክብደቱ 20 ኪሎ ገደማ ነው።